ታንከሩን እጥፍ አድርግልኝ አልኩት፣ ስምንት እጥፍ ጠየቀኝ

የዛሬው ደብዳቤ ከአንድ የቢሾፍቱ አባት የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ቤት እየሠራሁ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢ ውስጥ የኮንክሪት ታንከር ከመሬት በታች ላሠራ አስቤ ከአንድ ግንበኛ ጋር ተነጋገርኩ። መጀመሪያ የተስማማነው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር እንዲሆን ነበር። 3 ሺህ ሊትር ይይዛል አለኝ። ቤት ውስጥ ስምንት ሰው ስላለን ያንሳል ብዬ "በቃ ሁሉንም እጥፍ አድርገው" አልኩት። 4 በ3 በ2 ማለት ነው። ዋጋውን ይዞ ሲመጣ ደነገጥኩ። ቁፋሮው ስምንት እጥፍ ሆኗል። ልስኑ አራት እጥፍ ሆኗል። ወደ ታች የሚወርደው ቧንቧ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። አንድ ታንከር እንዴት ሦስት ዓይነት እጥፍ ይኖረዋል? የሚያጭበረብረኝ መሰለኝ።

10ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ወረቀቱን አይታ "አባዬ ልክ ነው እኮ፣ ኩብ ስለሆነ ነው" አለችኝ። ነገር ግን እሷ ራሷ የኪዩቢክ ፈንክሽን ፈተና አልሆነላትም። 3 ሜትር ኩብን ወደ ሴንቲ ሜትር ኩብ ቀይሪ ተብላ 300 ብላ ጽፋለች። ደግሞ "ኩብ የውሃ ይዘት ከሆነ፣ ኔጌቲቭ 2 ሲገባ ኔጌቲቭ 8 የሚወጣው ምኑ ነው? ኔጌቲቭ ውሃ አለ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። ግንበኛውን ልተወው? ልጄንስ እንዴት ልርዳት?»

ወንድሜ፣ ግንበኛውን አይተዉት። የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ተመጣጣኝ መሆኑን ሌሎች ባለሙያዎችን ጠይቀው ያጣሩ፤ እሱን እኔ ከዚህ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። እጥፎቹን ግን በትክክል አስልቷል። ሦስቱም የተለያዩት የሚለኩት ነገሮች የተለያዩ ስለሆኑ ነው።

ከቧንቧው እንጀምር። ቧንቧ በርዝመት ብቻ ነው የሚለካው። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲሄድ ቧንቧውም ከ1 ወደ 2 ይሄዳል። ልስን ደግሞ በሜትር ካሬ ነው፤ ርዝመት በወርድ። ሁለቱም እጥፍ ሲሆኑ 2 በ2 ይባዛና 4 ይመጣል። በእርስዎ ታንከር ወለሉን፣ ጣሪያውንና አራቱን ግድግዳ ብንደምር የመጀመሪያው 13 ሜትር ካሬ ነበር። ሁለተኛው 52 ሜትር ካሬ ነው። ቁፋሮውና ውሃው በሜትር ኩብ ናቸው። እዚያ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ጥልቀቱም አሉበት። 2 በ2 በ2፣ 8። የመጀመሪያው 3 ሜትር ኩብ ነበር፤ አሁን ያዘዙት 24 ሜትር ኩብ ነው።

ስለዚህ እርስዎ የፈለጉት 6 ሺህ ሊትር፣ ያዘዙት ግን 24 ሺህ ሊትር ነው። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን 1200 ጀሪካን ነው። ስምንት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢጠቀም ቤቱ በቀን 400 ሊትር ይፈልጋል። 6 ሺህ ሊትር ለ15 ቀን ይበቃችኋል። 24 ሺህ ሊትር ግን 60 ቀን ይቆያል። ሁለት ወር የተኛ ውሃ ሳይታከም ለመጠጥ እንዲውል አይመከርም። በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። እባክዎን ቁፋሮው ሳይጀመር ልኩን ያስተካክሉ።

እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ጥንትም ነበር። ግሪኮች የሚተርኩት አፈ ታሪክ አለ። ዴሎስ በምትባል ደሴት ወረርሽኝ ገባ። ሕዝቡ መፍትሔ ሲጠይቅ የአምላካቸውን የአፖሎን መሠዊያ እጥፍ አድርጉት ተባለ። መሠዊያው ኩብ ነበር። እነሱም እያንዳንዱን ጎን እጥፍ አድርገው ሠሩት፤ ስምንት እጥፍ ሆነ፤ ወረርሽኙም አልቆመም ይባላል። ከታሪኩ የተወለደው ጥያቄ ግን እውነተኛ ሒሳብ ነው። ይዘቱ እጥፍ እንዲሆን ጎኑ በስንት ይባዛ? መልሱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ 1.26 ገደማ። ይህን ርዝመት የቁጥር ምልክት በሌለው ማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ለመሥራት ብዙ ትውልድ ደክሟል። በ1837 ፒየር ቫንትዘል የተባለ ፈረንሳዊ በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ብቻ ፈጽሞ እንደማይቻል አረጋገጠ። ለእርስዎ ግን ሜትርና ካልኩሌተር ይበቃል።

ወደ ታንከሩ ስንመለስ፣ 6 ሜትር ኩብ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ አንዱን ጎን ብቻ እጥፍ ማድረግ ነው። 4 በ1.5 በ1፣ 6 ይሆናል። ልስኑ 23 ሜትር ካሬ ይወጣል። ሁሉንም ጎን በ1.26 ካባዙ ደግሞ 2.52 በ1.89 በ1.26 ይሆናል፤ ይህም 6 ነው። ልስኑ ግን ወደ 20.6 ሜትር ካሬ ይወርዳል። ሦስቱንም ጎን እኩል 1.82 ቢያደርጉት ልስኑ 20 ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ውሃው ያው ሆኖ ግድግዳው ያነሰበት ቅርፅ ይሄ ነው። እኔ ብሆን መካከለኛውን እመርጣለሁ። ቢሾፍቱ እነ ሆራና ባቦጋያን የመሰሉ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ያሏት ከተማ ናት፤ ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ድንጋይ ሊገጥም ይችላል። የአካባቢውን አፈር ግንበኛው ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል፤ እሱን ይጠይቁት።

ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይስፈር። ቁፋሮው የሚታሰበው በውስጥ ልክ ነው ወይስ በውጭ ልክ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከላይ ያልኩት 2.52 በ1.89 በ1.26 የውስጥ ልክ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው የውጭ ልኩ 2.92 በ2.29 በ1.66 ይሆናል። ሲባዛ 11 ሜትር ኩብ ያልፋል። 6 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ታንከር ከ11 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ያስወጣል ማለት ነው። በየጎኑ የጨመረው ትንሽ ሴንቲ ሜትር ሦስቴ ስለሚባዛ ነው። እርስዎና ግንበኛው እዚህ ላይ ካልተግባባችሁ በኋላ መጨቃጨቃችሁ አይቀርም። የብረቱንና የግድግዳውን ውፍረት ደግሞ መሐንዲስ ይየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ታንከርዎ ሲሞላ 60 ኩንታል ይሸከማል። ጣሪያ ላይ ሮቶ የሚሰቅሉ ሰዎችም ይህቺን ሒሳብ ቢያስቧት ደስ ይለኛል። የ2 ሺህ ሊትሩ ሮቶ ሲሞላ 20 ኩንታል ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ።

300 ብላ መጻፏ የብዙ ልጆች ስህተት ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 3 ሜትር ኩብም 300 ይመስላል። አንድ ሜትር ኩብ ግን 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነው። ሦስቱም ሜትሮች መቀየር አለባቸው። 100 በ100 በ100 አንድ ሚሊዮን ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ኩብ 3 ሚሊዮን ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። እንድትሸመድደው አይንገሯት። ይልቅ መልሷን እንድትጠራጠር ያስተምሯት። ሴንቲ ሜትር ኩብ ሁላችንም የምናውቀው ሲሲ ነው፤ በሲሪንጅ የምንለካው፣ የመኪና ሞተር የምንጠራበት። 300 ሲሲ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያህል ነው። ስምንት ሰው ውሃ የሚቀዳበት ታንከር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው ብላ ጽፋለች። እንዲህ ብለው ካሳዩዋት ስቃ ራሷ ታርመዋለች።

ሊትርን እንዲህ ታየው። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ በትክክል አንድ ሊትር ይይዛል። 10 በ10 በ10፣ አንድ ሺህ ሲሲ። እነዚህን ኩቦች አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ብትደረድር አንድ ሺህ ይገባሉ። የውሃ ቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ ቁጥሮች የሚቆጥሩት ሜትር ኩብ ነው። አንድ ቁጥር ሲጨምር ቤቱ 1000 ሊትር፣ 50 ጀሪካን ውሃ ተጠቅሟል። አብራችሁ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ እዩት፤ ወርኃዊ ቢሉ ላይ ያለውም ያው ሜትር ኩብ ነው።

ትልቁን ልኬት ከፈለገች ደግሞ የሕዳሴ ግድብ አለላት። ሐይቁ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ማሰብ ይከብዳል። አንድ ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ 1000 በ1000 በ1000፣ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ 74 ኪሎ ሜትር ኩብ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውሃ አንድ ኩብ ውስጥ ብናስገባው የኩቡ ጎን ስንት ይሆናል? 4.2 ኪሎ ሜትር። 4.2 በ4.2 በ4.2 ታባዛ፤ 74.088 ይመጣላታል። ቢሊዮን የሚለው ቃል የሚያስፈራውን ያህል ጎኑ ትልቅ አለመሆኑ ይገርማታል። ጎን በጥቂቱ ሲያድግ ይዘት እንዴት እንደሚያሻቅብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ትክክለኛው ሐይቅ ግን 1874 ኪሎ ሜትር ካሬ ላይ የተኛ ነው። 74 ኪሎ ሜትር ኩብን ለዚህ ስፋት ስታካፍለው አማካይ ጥልቀቱ 40 ሜትር ገደማ ይወጣል።

የኔጌቲቩ ጥያቄዋ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህን የጠየቀች ልጅ ሒሳብ አልገባትም አይባልም። መልሱ፣ ኔጌቲቭ ውሃ የለም። ኪዩቢክ ፈንክሽን ግን ውሃ አይደለም። ፈንክሽኑ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ስጡት፣ ሦስት ጊዜ ወስዶ እርስ በርሱ ያባዛዋል። 2 ሲገባ 8 ይወጣል። ኔጌቲቭ 2 ሲገባ፣ ኔጌቲቭ 2 በኔጌቲቭ 2 ፖዘቲቭ 4 ይሆናል፤ 4 ደግሞ በኔጌቲቭ 2 ሲባዛ ኔጌቲቭ 8። እስኩዌር ሲሆን ኔጌቲቩ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ግራፉ በሁለቱም በኩል ወደ ላይ የሚወጣው። ኩብ ሲሆን ኔጌቲቩ ይተርፋል። ግራፉ ከግራ በኩል ከታች መጥቶ፣ ዜሮ ላይ ለጥ ብሎ አልፎ፣ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። ከታች ተነስቶ ላይ ስለሚደርስ የግድ አግድም መስመሩን ቢያንስ አንድ ቦታ ይቆርጣል። ሌሎች ኪዩቢክ ፈንክሽኖች ደግሞ ቢበዛ ሦስት ቦታ ይቆርጣሉ። በፈተና ላይ የኪዩቢክ ግራፍ ስትሥል ሁለቱም ጫፍ ወደ ላይ ከወጣባት መሳሳቷን ወዲያው ትወቅ።

ቁጥሩን ርዝመት ነው የምንለው እኛ ነን። ርዝመት ካልነው በኋላ ከዜሮ በታች ያለውን መተው የእኛ ኃላፊነት ነው። ይህን በቃል ከመንገር በእጅ ማሳየት ይሻላል። ለዚህ የሚሆን አንድ ሥራ ልስጣችሁ።

ካርቶን ፈልጉ። ጎኑ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ከዚያ ጎኖቹን ወደ ላይ አጥፋችሁ በፕላስተር አጣብቁ። ክዳን የሌለው ሣጥን ይሆናል። የቆረጣችሁት ካሬ ጎን የሣጥኑ ቁመት ሆነ። ወለሉ ደግሞ ከሁለቱም በኩል ስለተቆረጠበት ከ30 ላይ ሁለት ጊዜ ይቀነስበታል። ቁመቱን ኤክስ ካልነው ይዘቱ ኤክስ ሲባዛ በ(30 ሲቀነስ 2 ኤክስ)፣ እንደገና ሲባዛ በ(30 ሲቀነስ 2 ኤክስ) ነው። ኤክስ ሦስት ቦታ ገባ። ኪዩቢክ ፈንክሽን ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት ትገምት። ብዙ ልጅ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ሣጥኑ ብዙ ይይዛል ይላል። አሁን ታስላ። 1 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጥ 784 ሲሲ ይይዛል። 3 ብትቆርጥ 1728። 4 ብትቆርጥ 1936። 5 ላይ 2000 ይደርሳል። 6 ላይ 1944 ነው፤ መውረድ ጀመረ። 8 ላይ 1568፣ 10 ላይ 1000፣ 12 ላይ 432። 15 ላይ ወለሉ አልቆ ዜሮ። 5 ሴንቲ ሜትር የቆረጠችው ሣጥን በትክክል ሁለት ሊትር ነው። በሁለት ሊትር ሃይላንድ ስንዴ ለክታ ትገልብጥበት፤ እስከ አፉ ይሞላል። 10 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠው ረጅሙ ሣጥን ግማሹን ብቻ ይይዛል። ሁለቱን ሣጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው።

አሁን ግራፉን በእነዚህ ነጥቦች ትሣል። ከዜሮ ተነስቶ ይወጣል፣ 5 ላይ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ 15 ላይ መስመሩን ይነካል። እዚህ ላይ እንዳታቆም። ካርቶኑ 15 ላይ አልቋል፤ ፈንክሽኑ ግን አላለቀም። 20 ታስገባ። 30 ሲቀነስ 40፣ ኔጌቲቭ 10። ኔጌቲቭ 10 በኔጌቲቭ 10፣ 100። በ20 ሲባዛ 2000። ፈንክሽኑ 20 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡም ሁለት ሊትር ታገኛላችሁ ይላል። ጎኑ 30 ከሆነ ካርቶን ከሁለቱም በኩል 20፣ 20 መቁረጥ እንደማይቻል መቀሱን ስትይዝ ይገባታል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሣጥኑ የለም። ኔጌቲቭ 8 ሜትር ኩብም የዚሁ ዓይነት ነው። መምህሩ ዶሜይን እያለ የሚወተውተው ይህን ነው፤ ቁጥሮቹ ከየት እስከ የት ትርጉም እንዳላቸው።

ውሃም ሣጥንም የሌለበት ኩብ እንዳለ ትወቅ። ከእናንተ ወደ አዳማ ስትሄዱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታያሉ። ነፋስ የሚይዘው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል። በሴኮንድ 5 ሜትር ይነፍስ የነበረ ነፋስ 10 ሜትር ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ፣ ኃይሉ ግን ስምንት እጥፍ ነው። የሚያመነጩት ማሽኖች የራሳቸው ገደብ ስላላቸው ሁሉንም አይወስዱትም። ግን ነፋሻ ቦታ ተመርጦ እዚያ የተተከሉበት ምክንያት ይኸው ኩብ ነው። በአባቷ የቁፋሮ ዋጋ ላይ የመጣው 8 እና በነፋሱ ላይ የመጣው 8 አንድ ናቸው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ሠርታችሁ ስትጨርሱ ይህን የቤት ሥራ ይስጧት። ከዚያው ከ30 በ30 ካርቶን በትክክል አንድ ሊትር የሚይዝ ሣጥን ለመሥራት ስንት ሴንቲ ሜትር ትቆርጣለች? አንዱን መልስ ከላይ አግኝታዋለች፤ 10 ነው። ሌሎች ሁለት አሉ። በግራፉ ላይ 1000 ላይ አግድም መስመር ካሰመረች ታያቸዋለች። በካልኩሌተር እየቀረበች ብትፈልጋቸው አንዱ 1.34፣ ሌላው 18.66 ገደማ ይመጣላታል። ከሦስቱ የትኞቹን በመቀስ መቁረጥ እንደምትችል፣ የትኛውን ደግሞ ለምን እንደማትቆርጠው በራሷ አባባል ትጻፍልዎት። የጻፈችውን ቢልኩልኝ በደስታ አነበዋለሁ።